አፈሩ ወደ ላይ ወይስ ወደ ታች? የወላይታ እርከን ታሪክ

ተዳፋት ማሳ ላይ ቦይ የሚቆፍር ሰው የመጀመሪያውን አካፋ አፈር ከማንሣቱ በፊት አንድ ነገር መቁረጥ አለበት፤ አፈሩን ወዴት ይጣለው? ወደ ታች ከጣለው ቦዩ ከላይ፣ ክምሩ ከታች ይሆናል። ይህ ተራው የአፈር እርከን ነው። ወደ ላይ ከጣለው ክምሩ ከቦዩ በላይ ይቀመጣል፤ ይህኛውን የግብርና ባለሙያዎች ከኬንያ በመጣ የስዋሂሊ ስም «ፋንያ ጁ» ይሉታል፤ «ወደ ላይ አድርግ» እንደ ማለት ነው። ከዚያ ሌሎች ጥያቄዎች ይከተላሉ። ክምሩ ምን ያህል ይቁም? ጎኑ ቀጥ ይበል ወይስ ጋደም? ከአንዱ ክምር እስከ ቀጣዩ ስንት እርምጃ ይኑር? በዳሞታ ተራራ ግርጌና ከዚያ ወዲያ በተዘረጉት የወላይታ ቀይ አፈር ኮረብታዎች ላይ እነዚህ ጥያቄዎች ለአሥርት ዓመታት ሲያከራክሩ ኖረዋል። ተከራካሪዎቹ እኩል አቅም አልነበራቸውም። አንደኛው ወገን መመሪያና ስንዴ ይዞ ይመጣ ነበር፤ ሌላው ያለው ማሳው ብቻ ነበር፤ እሷም በብዙ ቤት ግማሽ ሄክታር አትሞላም።

ታሪኩ ግን ከመመሪያው በፊት ይጀምራል።

የወላይታ ገበሬ መሬቱን ለሁለት ከፍሎ ያያል። ቤቱን የከበበው፣ እንሰቱ፣ ቡናው፣ ጎመኑና ጎደሬው የሚበቅልበት ጓሮ «ዳርኮዋ» ነው። ከዚያ ራቅ ብሎ በቆሎ፣ ጤፍና ስኳር ድንች የሚያበቅለው ማሳ «ሾካ» ይባላል። የሁለቱን ልዩነት ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። የዳርኮዋ አፈር ጠቆር ያለና ለስላሳ ነው፤ በእጅ ሲጨብጡት ይፈረፈራል። ሾካው ቀልቶ ይታያል፤ በበጋ ይጠጥራል፣ በክረምት ይንሸራተታል። ይህን ልዩነት ያመጣው ሰው ነው። በረቱ ጠዋት ተጠርጎ አዛባው፣ አመዱ፣ የእንሰቱ ቅጠልና የቤቱ ጥራጊ ወደ እንሰቱ እግር ይወሰዳል። ይህ ሥራ ከእናት ወደ ልጅ እየተላለፈ ትውልዶችን አልፏል፤ ጓሮውም በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት እየዳበረ መጥቷል። ማንም ቁመቱን ለክቶለት አያውቅም። የወላይታ የመጀመሪያው ከፍ ያለ መደብ ይኸው ነው።

በሌላው ዓለም ተመሳሳይ ሐሳብ ሌላ መልክ ይዟል። በጀርመንኛ «ሁገልኩልቱር»፣ ማለትም የጉብታ እርሻ፣ የሚባለው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1962 ኸርማን አንድሬ ባሳተሙት ትንሽ መጽሐፍ በጽሑፍ ታወቀ። ከታች ግንድና ቅርንጫፍ ይቀበራል፣ በላዩ ቅጠልና ሣር ይነጠፋል፣ ከዚያ አፈር ይከመርበታል። ግንዱ እየበሰበሰ እንደ ስፖንጅ ውሃ ይይዛል። ኦስትሪያዊው ገበሬ ዜፕ ሆልዘር በኋላ ይህንኑ ጉብታ ረጅምና ጎኑ ገደል የመሰለ አድርገው አስፋፉት፤ ቁመቱ ቢበዛ፣ ጎኑም ቢቆም ይሻላል ባይ ናቸው። ወላይታ ውስጥ ግን ግንድ የሚቀብር ገበሬ ማግኘት ይከብዳል። ግንድ ማገዶ ነው፣ ምሰሶ ነው፣ ገበያ ወጥቶ የሚሸጥ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከ1.5 ሚሊዮን ሰው በላይ የተቆጠረበት፣ በአንዳንድ ወረዳዎቹም በካሬ ኪሎ ሜትር ከ500 በላይ ሰው የሚኖርበት ዞን እንጨት የሚቀብርበት ትርፍ የለውም። ስለዚህ እዚህ መደቡን የሚያነሣው እበትና ድካም ነው።

ታዲያ ጓሮው እንዲህ ከዳበረ ሾካው ለምን ተራቆተ? አንዱ መልስ እበቱ አለመብቃቱ ነው። ሌላው መልስ መሬቱ የማን ነበር ከሚለው ጥያቄ ጋር የተያያዘ ይመስላል። አፈርና ድንጋይ መከመር ለወላይታ ሕዝብ አዲስ ሙያ አልነበረም። በካዎ (ንጉሥ) አማዶ ስም የሚጠራው ጥንታዊው የመከላከያ ካብ፣ የአማዶ ኬላ፣ ለዚህ ምስክር ነው። ሆኖም በ1887 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር ካዎ ጦናን ድል አድርጎ የወላይታ መንግሥት ካበቃ በኋላ አብዛኛው ገበሬ ገባር ሆነ። ነገ ማን እንደሚያርሰው በማይታወቅ ማሳ ላይ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ክምር መሥራት ለማንም ቢሆን ከባድ ነው። እንሰቱ ግን ከቤቱ ደጃፍ ነውና ድካሙ ሁሉ ወደዚያ ሄደ።

በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ማብቂያ ላይ የሕዝቡ ብዛትና የመሬቱ ጥበት ለመንግሥትም ግልጽ ሆነ። የወላይታ አውራጃ ገዢ የነበሩት ደጃዝማች ወልደ ሰማዕት ገብረ ወልድ ከደጋው የተጨናነቀውን ገበሬ ወደ አበላ ቆላ ማስፈር ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1970 በዓለም ባንክ ብድር የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በእንግሊዝኛ ምሕፃሩ «ዋዱ»፣ ተቋቋመ። ዋዱ በይበልጥ የሚታወሰው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር በማቅረቡ ነው፤ የአፈር ጥበቃም ከሥራዎቹ አንዱ ነበር። ከዚያ የካቲት 1967 ዓ.ም. መጣ። የገጠር መሬት አዋጁ መሬትን የሕዝብ አደረገ፤ ገበሬውም በየገበሬ ማኅበሩ ተደራጀ። ያኔ እርከን የዘመቻ ሥራ ሆነ።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወላይታም ተጎዳ። ስኳር ድንቹ ሲከዳ፣ በቆሎው ገና አረንጓዴ ሳለ ሰው ይራባል፤ የውጭ አገር ሰዎች «አረንጓዴ ረሃብ» የሚሉት ይህንን ነው። የምግብ ለሥራ ፕሮግራም የዚያን ዘመን እርከን ቀረጸው። በዓለም የምግብ ፕሮግራም ድጋፍ ይካሄድ በነበረው በዚህ ሥራ አንድ ሰው ለአንድ ቀን ድካሙ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ያገኝ ነበር። ለአንድ ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን በተለመደው ልክ 150 የሰው ቀን ይመደብ ነበር። ሲባዛ አንድ ኪሎ ሜትር እርከን 4 ኩንታል ተኩል ስንዴ ይሆናል። ለተራበ ቤተሰብ ይህ ሕይወት ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ግን የሚከፈለው በተቆፈረው ርዝመት ስለሆነ የሚለካውም ርዝመቱ ሆነ። ክምሩ ሁለተኛውን ክረምት ይሻገር አይሻገር የሚቆጥር አልነበረም። በወላይታ ብቻ ሳይሆን በመላ አገሪቱ የዚያ ዘመን እርከን ትልቁ ሕመም ይህ ይመስላል።

ጉኑኖ እዚህ ላይ ትገባለች። ጉኑኖ ከዞኑ ዋና ከተማ ከሶዶ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ ዳሞት ሶሬ በሚባለው ወረዳ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ግብርና ሚኒስቴር ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር የጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ከጣቢያዎቹ አንዱን እዚያ ተከለ። እኅቶቿ በወሎ ማይባር፣ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ፣ በሐረርጌ ሁንዴ ላፍቶ፣ ቆይቶም በጎጃም አንጀኒ፣ በኢሉባቦር ዲዚና በኤርትራ አፍዴዩ ነበሩ። ፕሮጀክቱን የመሩት የስዊዘርላንዱ ተወላጅ ሃንስ ሁርኒ ናቸው። የጣቢያው ሥራ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። ዝናቡ ይለካል፤ ከወንዙ ውሃ እየተቀዳ ደለሉ ይመዘናል። 2 ሜትር በ15 ሜትር እና 6 ሜትር በ30 ሜትር የሆኑ የሙከራ መደቦች ተከልለው ከግርጌያቸው በርሜል ተቀምጧል፤ ከዝናብ በኋላ በበርሜሉ የተጠራቀመው አፈር ተመዝኖ ይመዘገባል። በአንዱ መደብ ላይ የአፈር እርከን፣ በሌላው ፋንያ ጁ፣ በሌላው የሣር መስመር፣ በሌላው ደግሞ ምንም የለም። ቁመቱና ተዳፋቱ ሲያከራክር የኖረው ክምር ለመጀመሪያ ጊዜ በወላይታ ሚዛን ላይ ወጣ።

የእነዚህ ጣቢያዎች መዛግብት ናቸው ሁርኒን በኢትዮጵያ የእርሻ መሬት ላይ በአማካይ ከአንድ ሄክታር በዓመት 42 ቶን አፈር ይታጠባል ወደሚለው ስሌት ያደረሷቸው። 42 ቶን በአንድ ሄክታር ላይ ቢነጠፍ ውፍረቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በአንድ ዓመት ዓይን አይገባም። በአንድ ሰው ዕድሜ ግን ከአንድ ክንድ የሚያንሰውን የላይኛ አፈር ግማሽ ያህሉን ይበላል።

እ.ኤ.አ. በ1986 ሁርኒ ለልማት ሠራተኞች ያዘጋጁት መመሪያ በግብርና ሚኒስቴር ታተመ። መጽሐፉ በአንድ ነገር ሊመሰገን ይገባዋል፤ አገሩን የከፋፈለው ገበሬው በሚያውቀው ቋንቋ ነው፤ ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ። እያንዳንዱን ደግሞ በዓመታዊ ዝናቡ፣ ከ900 ሚሊ ሜትር በታች፣ እስከ 1,400፣ ከዚያም በላይ እያለ ይለያል። ዝናቡ ሲያንስ ክምሩ በእኩል ከፍታ መስመር ተሠርቶ ውሃውን እዚያው ያስቀር። ዝናቡ ሲበዛ ቦዩ እስከ አንድ በመቶ ጋደም ይበልና ትርፉን ውሃ ወደ መውረጃ ያውጣ። የጉኑኖ ዓመታዊ ዝናብ 1,300 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከመስመሩ ጠርዝ ላይ የተቀመጠች አገር ናት ማለት ነው።

መስኩ ላይ መሣሪያው ቀላል ነው። ሁለት ዘንግ፣ የ10 ሜትር ገመድና ከገመዱ መሐል የሚንጠለጠል ውሃ ልክ። ገመዱ ሲስተካከል በሁለቱ ዘንጎች መካከል የታየው የከፍታ ልዩነት አንድ ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 10 በመቶ ነው፤ ሁለት ሜትር ከሆነ 20 በመቶ። ሦስተኛው ሰው ችካል ይተክላል። የመመሪያው ሕግ እንዲህ ይላል፦ ተዳፋቱ ከ15 በመቶ በታች ከሆነ ከአንዱ እርከን እስከ ቀጣዩ የከፍታው ልዩነት አንድ ሜትር ይሁን፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ሊቆፈር የሚችለው አፈር ጥልቀት በሁለት ተኩል ይባዛ። ሰማንያ ሴንቲ ሜትር አፈር ያለው ሰው የሁለት ሜትር ልዩነት ያገኛል፤ 20 በመቶ ተዳፋት ላይ ከክምር እስከ ክምር 10 ሜትር ይሆንለታል።

አሁን ሒሳቡን ከገበሬው በኩል ማየት ነው። ተዳፋቱ 10 በመቶ የሆነ ማሳ ላይ በየ10 ሜትሩ አንድ እርከን ይወድቃል። ቦዩ 50 ሴንቲ ሜትር፣ በቦዩና በክምሩ መካከል የሚተወው ጠርዝ 25፣ የክምሩ መሠረት አንድ ሜትር ቢሆን ከየ10 ሜትሩ 1 ሜትር ከ75 ሴንቲ ሜትር ይወሰዳል። ከመቶ 17.5 ነው። ግማሽ ሄክታር ላለው ሰው 875 ካሬ ሜትር፣ የልጆቹን በቆሎ የሚያበቅል መሬት ማለት ነው። ክምሩን ከፍ ለማድረግ መሠረቱን ማስፋት ግድ ስለሚል፣ በወረቀት ላይ የተጨመረች እያንዳንዷ ሴንቲ ሜትር ቁመት ከዚህ ማሳ ትቆረጣለች። ቁመቱን የሚወስነው ሰውና መሬቱን የሚያጣው ሰው የተለያዩ ነበሩ።

ኮንሶ ከወላይታ ሩቅ አይደለም። እዚያ የእርከኑ የድንጋይ ካብ በአንዳንድ ቦታ 5 ሜትር ይደርሳል፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል። ብዙ ጊዜ «ኮንሶ ከቻለ ወላይታ ለምን አቃተው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ አይደለም። ኮንሶ ደረቅ ነው፣ ድንጋዩ በእጅ ሥር ነው፣ ካቡን የሚሠራውና የሚጠግነውም ራሱ ባለ ማሳው ነው። የደጋው ወላይታ መሬት በአብዛኛው ጥልቅ ቀይ ሸክላማ አፈር ነው፤ ቀጥ ብሎ ሊቆም የሚችል ድንጋይ እንደ ልብ አይገኝም። አፈር ደግሞ ድንጋይ አይደለም፤ ሲረጥብ ይከብዳል፣ ይሰጥማል፣ ይናዳል።

ገበሬዎቹ ያነሷቸው ቅሬታዎች በዘመኑ እንደ ድንቁርና ታይተዋል። ዛሬ ሲነበቡ ግን እያንዳንዳቸው ስለ ቁመትና ተዳፋት የተሰጡ ትክክለኛ ምስክርነቶች ናቸው። ዝናብ በሚበዛበት ዓመት በእኩል ከፍታ የተሠራው ክምር ውሃውን አግቶ ከኋላው ያለውን ሰብል ያስቢጫል፤ በተለይ ፋንያ ጁ፣ ክምሩ ከቦዩ በላይ ስለሆነ ውሃው ሰብሉ ውስጥ ይተኛል። በጠባብ መደብ ላይ ጥማድ በሬ መዞሪያ ያጣል። ክምሩ የፍልፈልና የአረም መሸሸጊያ ይሆናል። የጂኦግራፊ ምሁሩ በላይ ተገኔ እ.ኤ.አ. በ1992 ስለ ጉኑኖ ገበሬዎች ያሳተሙት ጥናት የያዘው ርዕስ ይህንኑ ነው፤ ገበሬው የአፈር መሸርሸርን አደጋ እንዴት እንደሚያየውና ስለ አፈር ጥበቃው ምን እንደሚያስብ ነው የጠየቁት። ጥያቄው ራሱ የዘመን ለውጥ ነበር። ከዚያ በፊት የተጠየቀው አፈሩ ነው።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ የገበሬ ማኅበሩ ግዳጅም አብሮ ወደቀ። በደቡብም በሰሜንም በብዙ ቦታ ገበሬዎች እርከኑን አፍርሰው ማሳቸውን መልሰው አረሱ። ይህን እንደ ጥፋት ብቻ መቁጠር ልክ አይሆንም። ያልመረጡትን ቁመት ወደ ዜሮ መለሱት፤ የቀረላቸው የመናገሪያ መንገድ ያ ነበር።

ቀጣዩ ትልቅ መመሪያ የመጣው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ የምግብ እጥረት ያለባቸውን ቤተሰቦች የሚደግፈው ሴፍቲኔት በተጀመረበት በዚያው ዓመት። ማኅበረሰብ አቀፍ አሳታፊ የተፋሰስ ልማት የሚለው ይህ የግብርናና ገጠር ልማት ሚኒስቴር መመሪያ ክምሩ ከተጠቀጠቀ በኋላ ቁመቱ ከ60 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ ይላል። «ከተጠቀጠቀ በኋላ» የምትለዋ ሐረግ ብዙ የመስክ ውድቀት ያስተማራት ትመስላለች። ልቅ ሆኖ የተከመረ አፈር በመጀመሪያው ክረምት ሰጥሞ ይወርዳል፤ ዝቅ ባለበት ቦታ ውሃ ይዘልበታል፤ በዘለለበት ይሰብረዋል፤ ከላይ የተሰበረው የታችኛውን ይዞ ይሄዳል። የጎኑንም ነገር መመሪያው ለአፈሩ ትቶታል። በጸና አፈር ላይ ክምሩ ሁለት ሲነሣ አንድ ወደ ውስጥ ይገባል፤ መሠረቱ ከ1 እስከ 1.2 ሜትር ይበቃዋል። በሚናድ አፈር ላይ አንድ ሲነሣ አንድ ይገባል፤ መሠረቱም እስከ 1.5 ሜትር ይሰፋል። አናቱ ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር። የሆልዘር ገደል መሰል ጉብታ በዚህ አፈር ላይ ቢሞከር፣ ከውስጡ የሚይዘው ግንድ ስለሌለ፣ የመጀመሪያው የበልግ ዝናብ ይጨርሰው ነበር።

ወላይታ ላይ የበልግ ነገር ልዩ ትኩረት ይሻል። ሰሜኑ ክረምቱን ሲጠብቅ እዚህ መሬቱ መጋቢት ላይ ይታረሳል። በጥርና በየካቲት ለሚካሄደው የተፋሰስ ዘመቻ ያለው ፋታ አጭር ነው። ዘግይቶ የተቆፈረ ክምር ሳይጠቀጠቅና ሣር ሳይዝ ዝናብ ይደርስበታል።

የክርክሩን መልክ የለወጠው ሣር ነው። በጎረቤት ጋሞ፣ በጨንቻ ደጋ፣ የታወቀው ደሾ ሣር እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ በደቡብ ወረዳዎች እየተስፋፋ ወላይታ ገባ። ሥሩ አፈሩን እንደ መረብ ይይዛል፤ ታጭዶም ያቆጠቁጣል። ከእርከን ክምር ላይ ሲተከል ሦስት ነገር ይሠራል። ጎኑን ያጸናል፤ ዝቅ ባለ ክምር ላይ እንኳ የሚወርደውን ደለል አጣርቶ በማስቀረት ክምሩን በራሱ ጊዜ ከፍ ያደርገዋል፤ ከሁሉም በላይ መኖ ይሆናል። ግጦሽ በጠፋበት አገር መኖ ገንዘብ ነው። የወላይታ ሰንጋ ስሙ የገነነው ታስሮ፣ ሣር እየታጨደለት፣ ከእጅ እየበላ ስለሚደልብ ነው። መስከረም ላይ ለጊፋታ የሚታረደው በሬ የሚደልበው በዚህ እንክብካቤ ነው። ከማሳው የጠፋው 17.5 በመቶ ደሾ ሲተከልበት የጠፋ መሬት መሆኑ ይቀራል። ዝሆኔ ሣርም ይህንኑ ያደርጋል። ባለ ማሳው ክምሩን የሚጠግነው ያኔ ነው፤ ማንም ሳያዘው፣ ስንዴ ሳይሰፈርለት። ከሰንጋው በረት የሚወጣው እበት ደግሞ ወደ እንሰቱ ይሄዳል፤ ሾካና ዳርኮዋ በአንድ ክር ይያያዛሉ።

እርከን የማይገባው ቦታም አለ። በወላይታው ሁምቦ ወረዳ፣ ተራራው ተራቁቶ ጎርፍና ደለል ወደ ታች ሲለቅ ከኖረ በኋላ፣ ወርልድ ቪዥንና የአካባቢው ኅብረት ሥራ ማኅበራት 2,728 ሄክታር ከልለው ጉቶው እንዲያቆጠቁጥ ተዉት። መፍትሔው ቁፋሮ ሳይሆን ከልክሎ መጠበቅ ነበር። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009 በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ሥርዓት ተመዘገበ፤ በአፍሪካ ከቀዳሚዎቹ የደን ፕሮጀክቶች አንዱም ሆነ።

እርከን አሁንም በኪሎ ሜትር ይቆጠራል። በየዓመቱ በሚያዝያ የሚወጡ ሪፖርቶች የተቆፈረውን ርዝመትና የተሰለፈውን ሰው ብዛት ይዘረዝራሉ። ለወላይታ ወረዳዎች ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የሚቀርበው ልመና አንድ ነው፤ ከዚያ ሪፖርት ጎን ሌላ ዓምድ ይከፈት። ከሁለት ክረምት በፊት ከተሠራው ስንቱ ቆሟል? ስንቱ ሣር ይዟል? ስንቱን ባለ ማሳው ራሱ ጠግኖታል? ውሃ ልኩ ከመዘርጋቱ በፊት የማሳው ባለቤት፣ አባትም ሆኑ እናት፣ በክረምት ውሃው የት እንደሚተኛ፣ በሬው የት እንደሚዞር፣ ክምሩ ላይ ምን ሊተክሉ እንደሚፈልጉ ይጠየቁ፤ መልሳቸውም ከችካሉ ጋር አብሮ ይመዝገብ።